ስፖንጅ ለጥፌበትም ኮምፒውተሬ አልተወኝም

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ አንድ ነገር አማክሩኝ። የኮምፒውተሬ ድምፅ ሌሊት ሥራ አላሠራ ብሎኛል። የሳጥኑን ሁለቱንም የጎን ክዳኖች ከውስጥ በኩል ድምፅ የሚውጥ ስፖንጅ ለጠፍኩባቸው። ሲር የሚለው ቀጭኑ ድምፅ ቀነሰ፤ በጣም ደስ አለኝ። ወፍራሙ፣ እምምም የሚለው ግን ንቅንቅ አላለም። ክዳኑን በመዳፌ ጫን ሳደርገው ዝም ይላል፤ እጄን ሳነሳ ይመለሳል። ስለዚህ ችግሩ ንዝረት ነው መሰለኝ፤ ለሱ ደግሞ ቀላል ስፖንጅ ብዙም አይረዳም። ንዝረት የሚያፍነውን ከባዱን ሬንጅ ያለበትን ንጣፍ ክዳኑ ላይ ልለጥፍ ወይስ መጀመሪያ ሃርድ ዲስኩን (እየተሽከረከረ ሳጥኑን ሊያንዘር የሚችለውን የመረጃ ማስቀመጫ) በጎማ ላይ ላሳርፈው?

ሙቀቱም አሳስቦኛል። የአየር መግቢያውን አልሸፈንኩም፤ ግን ፕሮሰሰሩ ከ62 ወደ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ ወጣ። ፋኑም በዚያው ልክ ፈጥኗል። የሞከራችሁት ካላችሁ፣ ከየቱ ልጀምር?