ዲሊት ያረግኩትን ቃል እንዴት ነው መልሼ የምወስደው?

ዝምተኛዋ፦
ሰላም ናችሁ፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋ በቴሌግራም ስንጨቃጨቅ ተናድጄ "ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም" ብዬ ጻፍኩለት። ሁለቱ ምልክት ወዲያው መጣ፣ አንብቦታል። ደነገጥኩና ከሱም ከኔም ጋ እንዲጠፋ አርጌ ዲሊት አረግኩት። ከዛ "እየጻፈ ነው" ይላል፣ ይጠፋል፣ ደሞ ይመጣል፣ አስር ደቂቃ ያህል እንደዛ ሆኖ ምንም ሳይልክ ወጣ። ይኸው ሦስት ሳምንት፣ ስንደዋወል የእናታችንን ጤና ብቻ ነው የምናወራው። ላንሳው ወይስ ዝም ልበል? ደሞ የሚያስጨንቀኝ ያልኩት ብቻ አይደለም፣ አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ ብዬው አላውቅም።

ቃልአብ፦
እህቴ ተይው። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ፣ ጊዜ ራሱ ያሽረዋል፣ እሱም ሲነሳበት ያፍር ይሆናል።

የማታ_ወፍ፦
እኔ አልስማማም። ቴሌግራም በፈረንጆች ከ2019 ጀምሮ የድሮውንም መልእክት ሳይቀር ከሁለቱም ወገን ያጠፋል፣ ምልክት እንኳ አይተውም፣ ዋትስአፕ ቢሆን መልእክቱ መሰረዙን የሚናገር ጽሑፍ ይቀር ነበር። እና እስቲ አስቢው፣ ልጁ ቃሉን አይቶታል ግን ስክሪኑ ላይ የለም፣ ሪፕላይ የሚያረግበትን ነገር ወሰድሽበት፣ ሲጽፍ ሲተው የነበረው ለዛ ይመስለኛል። ማጥፋት መልሶ መውሰድ አይደለም። መጀመሪያ ያልሽውን ራስሽ በአፍሽ ድገሚው፣ "እንዲህ ብዬህ ነበር፣ ውሸቴን ነው" በዪው። "ከተቀየምክ ይቅርታ" ብቻ እንዳትዪ፣ ጥፋቱን ወደሱ ነው የሚያዞረው።

እናት_ዓለም፦
የማታ ወፍ ልክ ነው። ግን የኔ እናት፣ ምስጋናውን ከይቅርታው ጋ አትቀላቅዪው፣ ማባበያ ይመስልበታል። ለብቻው ቀን ስጪው፣ ግን አታቆዪው። እኔ ለአባቴ የምለው ነበረኝ፣ ነገ ነገ ስል ጆሮው መስማት አቆመ፣ አጠገቡ ተቀምጬ እጁን ይዤ ብናገርም አልሰማኝም።

ዝምተኛዋ፦
ትናንት ማታ ደወልኩለት። ቃሉን ስደግመው ድምፄ ተቆራረጠብኝ። ዝም ብሎ ቆየና "እኔም ያን ቀን የጻፍኩት ነበር፣ እንኳን አልላክሁት" አለኝ። ምን እንደነበር አልጠየቅኩትም። ቅዳሜ እንገናኛለን፣ ምስጋናውን ያኔ ፊት ለፊት ነው የምነግረው።