ድንጋይ የለበሰው የአርማታ አዳራሽ፦ ምኑን ልሣል?

ጠያቂ (የአርክቴክቸር ተማሪ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከቀደምት የአርማታ ሕንፃዎች አንዱን በአንድ ኤ3 ወረቀት አስረዱ ተባልን። እኔ ለንደን ያለውን የዌስትሚኒስተር ሜቶዲስት ሴንትራል ሆል መረጥኩ፤ የሜቶዲስት ፕሮቴስታንቶች ጸሎት ቤት ነው። የአርክቴክቶቹ የላንቸስተርና የሪካርድስ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ተከፈተ። ፎቶውን ሳየው ግን ከውጭ ድንጋይ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ በጌጥ የተሞላ። አርማታው የት አለ? ማክሰኞ ማስረከቢያዬ ነው፤ እባካችሁ እርዱኝ።

የሳይት መሐንዲስ
እህቴ፣ ፊት ለፊቱን ተዪው። ሴክሽን ሣዪ፤ ሕንፃው ለሁለት ተቆርጦ ውስጡ ሲታይ ማለቴ ነው። ድንጋዩ ልብስ ነው፤ ሸክሙ ያለው ውስጥ ባለው የአርማታ አጽም ላይ ነው። ትልቁ አዳራሽ ከ2,000 ሰው በላይ ይይዛል። ላዩ ላይ ሰፊ ጉልላት ተደፍቶበት መሀሉ ላይ አንድም ኮለን (ምሰሶ) አታገኚም። አርማታው የሚታየው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

የዘመኑን ፌሮም (አርማታ ውስጥ የሚገባውን ብረት) ጨምሪበት። አሜሪካዊው መሐንዲስ ጁሊየስ ካን በ1903 የፈጠራ መብት ያገኘበትን ዘንግ እዪ። ግራና ቀኙ ክንፍ አለው። ክንፉ ከጎን ይቆረጥና በ45 ዲግሪ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ አንዱ ጫፉ ግን ከዘንጉ አይለይም። ስታፋውና (ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚይዘው ቀጭን ብረት) ዋናው ፌሮ አንድ ብረት ናቸው ማለት ነው። አርማታ ሲሞላ ስታፋ ሸሽቶ ያየ ሰው የዚህ ጥቅም ወዲያው ይገባዋል።

የለንደን ነዋሪ
እኔ እሑድ እሑድ እዚያ አስቀድሳለሁ። ፊት ለፊቱ ዌስትሚኒስተር አቢ የሚባለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እሱ ጎቲክ ነው፣ ሹል ቅስት ያለው የመካከለኛው ዘመን አሠራር። ሜቶዲስቶቹ ሆን ብለው ባሮክ የሚባለውን ጌጥ የበዛበት አሠራር መረጡ፤ የአቢው ቅጂ እንዲሆን አልፈለጉም። ገንዘቡ ሜቶዲስቱ የፓርላማ አባል ሮበርት ፐርክስ ካስጀመረው መዋጮ ነው፦ አንድ ሚሊዮን ሰው፣ እያንዳንዱ አንድ ጊኒ (የያኔ የእንግሊዝ ገንዘብ)። የሰጪዎቹ ስም በ50 ጥራዝ ተጽፎ እዚያው ተቀምጧል። ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የመጀመሪያው ጠቅላላ ጉባኤ ጥር 1946 የተከፈተው በዚህ አዳራሽ ነው። ከ51ዱ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ይህን የሰማሁ ቀን ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲወጣ እኔ ወንበሬ ላይ ቀረሁ።

ጡረታ የወጣ መምህር
ታሪኩ ደስ ይላል ልጄ፣ ግን በሁለት መስመር ጨርሺው። ይልቅ ይህችን ጻፊ፦ ለንደን ስለ አርማታ የራሷን የግንባታ ደንብ ያወጣችው በ1915 ነው። ይህ ሕንፃ ያኔ ቆሞ አገልግሎት እየሰጠ ነበር። አርማታውን ደበቁት ብለሽ አትፍረጂባቸው። የዚያ ዘመን ሰው ጸሎት ቤት ሲባል የሚጠብቀው ድንጋይ ነው።

ጠያቂ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሴክሽኑ በ1፡200 ይበቃል?

የሳይት መሐንዲስ
ይበቃል። አርማታውን በጥቁር ሙዪው፣ ድንጋዩን በቀጭን መስመር ብቻ ተዪው። የካንን ዘንግ ጥግ ላይ በ1፡5 አስቀምጪና «የዘመኑ ፌሮ» በዪው። ጉልላቱ ሥር አንድ ሰው ማቆም እንዳትረሺ፤ ስፋቱ የሚታወቀው በሱ ነው።