ነጋሪት ጋዜጣ በስልክ ይበቃናል ወይስ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ?

መከራከሪያው፦ የወሎ ከተሞች ቤተ መጻሕፍት ካላቸው ጥቂት በጀት ቀንሰው የፌዴራል አዋጆች የሚወጡበትን ነጋሪት ጋዜጣና የአማራ ክልልን የሕግ ጋዜጣ፣ ዝክረ ሕግን፣ በወረቀት ያሟሉ?

የሕግ ተማሪ፣ ደሴ፦ አያሟሉ። ገንዘቡ ለተማሪዎች መጻሕፍት ይዋል። አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማት መመሪያቸውን በድረ ገጽ እንዲያወጡ ያስገድዳል። የጠፋውን ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ መጠየቅ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 መብቱን ሰጥቶናል።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ መብቱን ጠቅሰህ ቀኑን ዘለልኸው። 590 ለመሥሪያ ቤቱ መልስ መስጫ እስከ 30 ቀን ይፈቅድለታል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ መሬቱን ልቀቅ የተባለ ሰው አቤቱታውን በ30 ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ ይላል። ሰነዱ እጅህ እስኪገባ የአቤቱታው ቀን አለቀ ማለት ነው!

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት የማስለቀቂያ ደብዳቤ በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ዝናብ ነክቶት የማኅተሙ ቀለም ወደ ጽሑፉ ፈስሷል። አዋጁን አውጥቼ በግራ በኩል ካለው የአማርኛ ዓምድ የአቤቱታውን አንቀጽ አነበብሁላቸው። ጣታቸውን «30» ላይ አሳርፈው «ይኸው ነው?» አሉኝ። ስንቆጥር ዘጠኝ ቀን ቀርቷቸዋል። እኒህን እናት ድረ ገጽ ይፈልጉ ልበላቸው?

የሕግ ተማሪ፦ እህቴ፣ ለእሳቸው ያደረግሽው ትክክል ነው። ግን ከኮምፒውተር አትመሽ መስጠትም ይቻል ነበር። ወረቀት ማሻሻያው አይደርሰውም፤ የተሻረ አዋጅ ይዞ አቤት ማለት ሰውን ይጎዳል።

ጡረተኛ መምህር፣ ሐይቅ፦ ልጄ፣ ስጋትህ ተገቢ ነው፤ መድኃኒቱ ግን መዝገብ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር በወንጌላቸው ላይ ሰፍሯል። የገባው ይመዝገብ፣ በተሻረው ላይ «ተሽሯል» ተብሎ የሻረው አዋጅ ቁጥር ይጻፍበት። የአንድ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር። ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠብንንም ጊዜ አንርሳ። ያኔም ደብዳቤ ይደርስ ነበር፤ ቀኑም ይቆጠር ነበር።

የሕግ ተማሪ፦ እንግዲያው ዝክረ ሕጉ ይገዛ፤ እሱን በድረ ገጽ ማግኘት ለእኔም አድካሚ ነው። ከፌዴራሉ ግን ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው፣ የመሬቱ፣ የግብሩና የቤተሰቡ ሕግ ብቻ ይቅደም። የቀረውን ለማተም አንድ አታሚ ይበቃል፤ በዚህ አልለቅም።