መጀመሪያ እንስማ፦ ጎጃም ውስጥ አማተር ሬዲዮ ለመጀመር የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

ሰብሳቢው (ደብረ ማርቆስ)፣ ማክሰኞ ማታ

ሰላም ቤተሰብ። እሁድ ቡና ላይ የጀመርነውን ወሬ ወደ ጽሑፍ እንቀይረው ተባብለን ነበር። እኔ ልጀምር፤ እናንተ ቁረጡ፣ ጨምሩ። ሲያልቅ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ደስ ይለኛል። አንዱ ቅጂ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይሄዳል። ሌላው ክፍል እንዲያውሰን ለምንጠይቀው ትምህርት ቤት።

ረቂቅ፦ «አማተር ሬዲዮ ያለ ትርፍ፣ ለመማርና ለመቀራረብ ሲባል በሬዲዮ ሞገድ ከሌላ አማተር ጋር መነጋገር ነው። ጣቢያ ከፍቶ ዘፈን ማሰማት አይደለም። ንግድ አይሠራበትም። በሚስጥር ቋንቋም አይወራበትም፤ የሚባለውን ማንም መስማት ይችላል። እኛ በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም፣ በባሕር ዳርም የምንኖር ሰዎች የማኅበር ጣቢያ ማቋቋም እንፈልጋለን። በመጀመሪያው ዓመት ባለ 100 ዋት ሬዲዮ፣ አንቴናና ባትሪ እንገዛለን።»

አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

ሬዲዮ ጠጋኙ (ቡሬ)፣ ማክሰኞ ማታ

መምህር፣ እጅህ ይባረክ። ግን የመጨረሻዋ መስመር ትውጣ። ገንዘብ አዋጥተን የገዛነው ሬዲዮ ፈቃድ እስኪመጣ ድረስ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ሊጠጣ ነው። እሱ አቧራ ሲጠጣ ሰዉም ይቀዘቅዛል። እኔ ሃያ ዓመት ሬዲዮ ጠግኛለሁ። ሰው በዚህ ነገር የሚለከፈው ሲሰማ ነው፣ ሲገዛ አይደለም።

ባለፈው ወር ሱቄ ጓሮ የሠራሁትን ልንገራችሁ። ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ተከልኩ፤ ቁመታቸው ስድስት ሜትር ቢሆን ነው። የመብራት ሽቦ ገዛሁ። የሽቦው ርዝመት ስሌት ቀላል ነው፦ 143ን በምትፈልገው ሞገድ ሜጋኸርዝ ታካፍላለህ። አማተሮች ለሚያወሩበት ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር ከትንሽ ይመጣል። ግማሹን ወደ ግራ፣ ግማሹን ወደ ቀኝ ዘረጋሁና መሐል ላይ የዲሽ ገመድ አሰርኩበት። «የዲሽ ገመድ ለዚህ ይሆናል ወይ?» ያለኝ ሰው አለ። በደንብ ይሆናል። የዲሽ ገመድ 75 ኦም ነው፤ የዚህ ዓይነት አንቴና መሐሉ በስሌት 73 ኦም ገደማ ነው፣ ይግባባሉ። ጫፎቹን ከጀሪካን በቆረጥኩት ፕላስቲክ ይዤ በናይለን ገመድ ወጠርኳቸው።

ማታ 2 ሰዓት ላይ አሮጌውን ባለ መርፌ ሬዲዮዬን ከፈትኩ። ከ7.2 በላይ የዓለም ጣቢያዎች ናቸው፤ እነሱን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ከዚያ በታች እስከ 7.0 ድረስ ግን አፍንጫውን ይዞ የሚያወራ ሰው የሚመስል ጉርምርምታ ነው። አማተሮቹ እነሱ ናቸው። ኃይል ለመቆጠብ ብለው ከሞገዱ አንዱን ጎን ብቻ ይልካሉ፤ ተራ ሬዲዮ ደግሞ የጎደለውን መሙላት አይችልም። ሌላ አሮጌ ሬዲዮ ከጎኑ አስቀመጥኩ። መርፌውን 6.645 አካባቢ ይዤ ቀስ እያልኩ አዞርኩ። ሬዲዮ ውስጥ ያለችው ሞገድ አመንጪ መርፌው ከሚያሳየው 455 ኪሎኸርዝ ከፍ ብላ ነው የምትሠራው። ስለዚህ ልክ 7.1 ላይ ትወድቅና የጎደለውን ትሞላለች። ጉርምርምታው እየጠራ፣ እየጠራ መጣና ሰው ሆነ።

ልጄ አጠገቤ ነበረች። «አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ የት ነው ያለው?» አለችኝ። ለአዲስ አባል መስጠት የምፈልገው ያቺን ጥያቄ ነው። ስለዚህ ረቂቁ «መጀመሪያ እንስማ» ብሎ ይጀምር።

አንድ ነገር ሳልረሳ፦ የኛ አገር መብረቅ አይቻልም። ደመና ማጉረምረም ሲጀምር ገመዱ ከሬዲዮው ተነቅሎ ከቤት ይውጣ። ይህ በደንባችን ይጻፍ።

ተማሪዋ (ባሕር ዳር)፣ ረቡዕ ጠዋት

ጋሼ፣ ሁለት ሬዲዮ ጎን ለጎን የሚለውን ዛሬውኑ ልሞክረው ነው! ሐሳቡን እደግፋለሁ።

እኔ መጀመሪያ የሰማሁት አዲስ አበባ ሄጄ ነው። አምስት ኪሎ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ክለብ ጣቢያ አለ። መጠሪያው ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ነው፤ በሬዲዮ ሲጠራ «ኤኮ ታንጎ ስሪ አልፋ አልፋ» ይባላል። «ኢ ቲ» የአገራችን ምልክት ነው። እሱን የሚጠቀም ጣቢያ ጥቂት ስለሆነ አንዴ «ሲ ኪው» ሲባል፣ ማለትም «የሚሰማኝ ሁሉ ይመልስልኝ» ሲባል፣ ከአውሮፓ የሚጠራው ሰው ገበያ ነው የሚመስለው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻል። ሬዲዮው ላይ የተቀመጠው ልጅ ሁለት ፊደል ብቻ ይይዝና «አልፋ ብራቮ ያልከው፣ አንተ ብቻ» ይላል። ሌላው ዝም ይላል። ያ ሥርዓት ነው የገረመኝ።

ከጎኑ ቁጭ ብዬ መዝገብ እንድጽፍ ተፈቀደልኝ። መጠሪያ፣ ሞገድ፣ ሰዓት፣ የድምፅ ጥራት። «ፋይቭ ናይን» ማለት ቃላቱ በደንብ ይሰማሉ፣ ጉልበቱም ሙሉ ነው ማለት ነው። ሰዓቱን ግን በኛ አቆጣጠር ጻፍኩት፣ ከቀኑ 8 ብዬ። ልጁ ቀስ ብሎ ሰረዘና 11 አለው። የዓለም አማተር ሁሉ መዝገብ የሚይዘው በአንድ ሰዓት፣ በዩ ቲ ሲ ነው። ቀን ላይ በኛ ሰዓት ላይ ሦስት መደመር ነው። ማታ ደግሞ አሥራ አምስት። ከዚያ ቀን ወዲህ ተሳስቼ አላውቅም። ሳያሳፍር ስላረመኝ ነው መሰለኝ።

ደግሞ ሬዲዮ የሌለው ሰውም ይሰማል። ሆላንድ፣ ትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በኢንተርኔት የሚከፈት መቀበያ አለ። ኔትወርክ ባለበት ቀን በስልክ ተከፍቶ ከ7.0 እስከ 7.2 ማዳመጥ ይቻላል። ያ የሆላንድ አንቴና የሚሰማው እንጂ የኛ ሰማይ አይደለም። ቢሆንም ጆሮ ያሠለጥናል።

ነርሷ (ሞጣ)፣ ረቡዕ ከሰዓት

እኔ ስለ ሽቦው አልናገርም፤ ስለ ሰው ልናገር። ከዚህ በፊት በገባሁበት አንድ ክበብ ውስጥ የሆነውን ታውቃላችሁ። ሁለት ሰዎች ሁሉን ያውቃሉ፣ ሌላው ዳር ላይ ቆሞ ያያል። በሦስተኛው ሳምንት ሴቶቹ ቀሩ። በአምስተኛው ወንዶቹም። ማንም ክፉ አልነበረም፤ አዲስ ሰው ሲመጣ ግን «ነይ እዚህ ተቀመጪ» የሚል አልነበረም። እኔም ራሴ ቀርቻለሁ።

ስለዚህ እነዚህን አስገቡልኝ። አዲስ ሰው ሲመጣ የሬዲዮ ክርስትና አባት ወይም እናት ይሰጠው። በሚቀጥለው ሳምንት ደውሎ «ለምን ቀረህ?» የሚለው እሱ ነው። ስብሰባው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቀን ይሁን። ማታ ከሆነ ሴት አትመጣም፤ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ቡና ይፈላ፣ የቡናውም ተራ ወንድ ሴት ሳይል ይዙር። ማይክ ፊት ድምፁ የሚጠፋበት ሰው አለ፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። ለሱ በመጀመሪያ ያለ ሬዲዮ፣ በማንኪያ ማይክ እንለማመድ። አንዱ ይጥራ፣ ሌላው ይመልስ። መጠሪያን በፊደል መናገር፣ ተራ መጠበቅ፣ በመጨረሻ «ሰቨንቲ ስሪ» ብሎ መልካም ምኞት መግለጽ። ይህን ለመማር ምንም ሞገድ አያስፈልግም።

ከባድ ነገር ላንሳ። አካባቢያችን ባለበት ሁኔታ ዎኪ ቶኪ ይዞ መንገድ ላይ መታየት ጣጣ ያመጣል። ፈቃድ በእጃችን ሳይገባ ማንም አባል አንድም ቃል አያስተላልፍ። ማስተላለፊያም አይግዛ፣ አያስመጣም። የምንሰማበት ቦታና ቀን ለቀበሌ በጽሑፍ ይታወቅ። አንቴና ሲሰቀል ጎረቤት ተጠርቶ ይነገረው፣ ይጠይቅ፣ እሱም ይስማ። አንድ ልጅ በኛ ምክንያት ቢጉላላ እኔ በዚህ ማኅበር አልቀጥልም።

ጡረተኛው (ፍኖተ ሰላም)፣ ረቡዕ ማታ

እታለም እውነት ብላለች። ሁሉም ይጻፍ።

እኔ የድሮ የቴሌግራፍ ሰው ነኝ። ዳ ዲ ዳ ዲ፣ ዳ ዳ ዲ ዳ፦ ይሄ «ሲ ኪው» ነው። ሞርስ ካላወቃችሁ አትገቡም የሚለው ዓለም አቀፍ ግዴታ በፈረንጅ 2003 ቀርቷል፤ ማንም አይፍራ። የሚወድ ካለ ግን እሁድ እሁድ ግማሽ ሰዓት አስተምራለሁ። በፊደል ሳይሆን በዜማ ነው የሚያዘው። እንደ ቅኔ ቤት ልጅ አፍ ለአፍ ነው የምሰጣችሁ።

ፈቃድ ሲመጣ በሳምንት አንድ ቀን በሬዲዮ የምንገናኝበት ሰዓት ይኑረን። ፈረንጆቹ ኔት ይሉታል። እንደ ጽዋ ማኅበር አስቡት። አንድ ሙሴ አለ። ሙሴው በየተራ ይጠራል፣ የተጠራው ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ሙሴነቱ በየወሩ ይዙር።

ሬዲዮ ጠጋኙ (ቡሬ)፣ ሐሙስ ጠዋት

አባባ፣ የመጀመሪያው ተማሪዎ እኔ ነኝ።

እርስዎ ስለ ኔት ካነሱ አይቀር የምንገዛውን ሬዲዮ ዓይነት እዚህ እንጨርሰው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዎኪ ቶኪን ነው፤ ርካሽ ስለሆነ። በ144 ሜጋኸርዝ የሚሠራው ዎኪ ቶኪ ግን ዓይን ለዓይን ካልሆነ አይገናኝም። በደብረ ማርቆስና በሞጣ መሐል ጮቄ ተቀምጧል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ያን አያልፍም። በ7 ሜጋኸርዝ ግን አንቴናውን ዝቅ አድርገህ ስትሰቅለው ሞገዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከሰማዩ ንብርብር ነጥሮ እንደ ዝናብ ዙሪያውን ይወርዳል። ተራራና ገደል አይመልሰውም። ስድስት ሜትር አጣና የበቃኝም ለዚህ ነው። ከቡሬ ሞጣ፣ ከሞጣ ባሕር ዳር፣ ዓባይን ተሻግሮም አዲስ አበባ፣ ቀን ላይ በዚህ ነው የምንገናኘው።

100 ዋት ሬዲዮ ሲያስተላልፍ ከ12 ቮልት ባትሪ 20 አምፔር ያህል ይጎትታል። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል አይደለም። በ5 እና በ10 ዋት የሚሠሩ አሉ። የባጃጅ ባትሪና ትንሽ ሶላር ይበቃቸዋል። የኔ ምክር በትንሹ ይጀመር ነው።

ሰብሳቢው (ደብረ ማርቆስ)፣ ሐሙስ ማታ

አንብቤ ሁለቴ ከለስኩት። የኔ ረቂቅ ከዕቃ ነበር የሚጀምረው። እናንተ ከሰው ጀመራችሁ፣ ትክክል ናችሁ። ትርጉሙን የያዘው መግቢያ እንዳለ ሆኖ ቀጥሎ ያለው እንዲህ ይሁን፦

«መጀመሪያ እንሰማለን። በየሳምንቱ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ትምህርት ቤቱ በሚያውሰን ክፍል ተሰብስበን በአሮጌ ሬዲዮዎችና ራሳችን በሠራነው አንቴና የአማተር ሞገዶችን እናዳምጣለን፣ መዝገብ እንይዛለን። እያንዳንዱ አዲስ አባል አንድ ደጋፊ ይመደብለታል። በተመሳሳይ ጊዜ ባለሥልጣኑ የክለብና የግል ፈቃድ ለማውጣት የሚያስፈልገውን እንዲገልጽልን በደብዳቤ እንጠይቃለን፤ አዲስ አበባ ያለውን ክለብም እንዲያማክረን እንጋብዛለን። ፈቃድ ከመገኘቱ በፊት ማንም አባል አያስተላልፍም፣ ማስተላለፊያም አይገዛም። ስለ ስብሰባውና ስለ አንቴናው ለቀበሌና ለጎረቤት አስቀድሞ ይገለጻል። ለዕቃ የሚሆን ዕቁብ ከአሁኑ ይጀመራል፤ ገንዘቡ የሚወጣው ግን ከፈቃድ በኋላ ነው፤ የሚገዛውም በ7 ሜጋኸርዝ የሚሠራ፣ ትንሽ ጉልበት ያለው ሬዲዮ ነው።»

ቀኑን ደግሞ እንቁረጥ። ዓለም አቀፉ የአማተር ሬዲዮ ኅብረት ሚያዝያ 10 ቀን 1917 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ተመሠረተ። በየዓመቱ ሚያዝያ 10 የአማተር ሬዲዮ ቀን ይከበራል። በዚያ ቀን ለተማሪዎች ክፍት የማዳመጫ ፕሮግራም ብናዘጋጅስ?

ተማሪዋ (ባሕር ዳር)፣ ሐሙስ ማታ

እስማማለሁ! ለዚያ ቀን አንድ ነገር ልጨምር። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ የአማተር ሬዲዮ አለ። ወደ ምድር የሚልክበት ዋናው ሞገድ 145.800 ሜጋኸርዝ ነው። ጣቢያው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በ90 ደቂቃ ገደማ ምድርን ይዞራል፣ በኛም ላይ ያልፋል። ሲያልፍ አሥር ደቂቃ ቢሰማ ነው። ኮምፒውተር ላይ የምትሰካ፣ ፍላሽ የምትመስል መቀበያ አለችኝ፤ ስትሠራ ለቴሌቪዥን ነበር። ግማሽ ሜትር ሽቦ ሲቀጠልባት ትሰማዋለች። ሁልጊዜ አያስተላልፉም፤ የሚያልፍበትንና የሚያስተላልፉበትን ሰዓት አስቀድሜ አጣራለሁ። ልጆቹ ያንን ቢሰሙ በቃ፣ ከዚያ በኋላ እኛ መለመን የለብንም።

«ደጋፊ» የሚለው ቃል ግን ደረቀብኝ። የነርሷ ይሻላል።

ነርሷ (ሞጣ)፣ ዓርብ ጠዋት

ለባለሥልጣኑ በሚሄደው «ደጋፊ» ይባል፣ እኛ እርስ በርሳችን የፈለግነውን እንበል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ተስማምቻለሁ። የመጀመሪያው እሁድ ቡና በኔ ይሁን፤ ስኒና ረከቦት ከደብረ ማርቆስ ዘመዶቼ እዋሳለሁ።

ሬዲዮ ጠጋኙ (ቡሬ)፣ ዓርብ ጠዋት

የተቆረጠ ሽቦና 15 ሜትር የዲሽ ገመድ ከኔ። ሁለቱን ሬዲዮዎችም ይዤ እመጣለሁ። አጣና እዚያው ፈልጉልኝ፤ በአውቶቡስ አይጫንም።

ሰብሳቢው (ደብረ ማርቆስ)፣ ዓርብ ቀን

አጣናው በኔ። ደብዳቤውን ሰኞ አስገባለሁ። እስከ እሁድ ማታ ተቃውሞ ያለው ይጻፍ።

ጡረተኛው (ፍኖተ ሰላም)፣ ዓርብ ማታ

ተቃውሞ የለኝም። ሁለት የግድግዳ ሰዓት አመጣለሁ። አንዱ በኛ ይሄዳል፣ ሌላውን ሦስት ሰዓት አስቀድሜ እሞላዋለሁ።