ለክረምት ንባብ ፕሮግራማችን፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ጸሐፊ፦ ረቂቁ እስካሁን የሚለው ይህን ነው፦ ለ8 ሳምንት፣ ከ7 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው 40 ልጆች፣ በሳምንት አንድ ቀን የመጽሐፍ መለዋወጫ፣ ላነበበው መጽሐፍ ልጁ ማጠቃለያ ይጽፋል፣ መጨረሻ ላይ ብዙ መጽሐፍ ላነበቡ 3 ልጆች ሽልማት። አስተያየታችሁን እስከ ሐሙስ ጻፉልኝ።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦ ሽልማቱ ይውጣ። መጽሐፍ ከተቆጠረ ልጆቹ ስስ ስሱን ይለቅማሉ፤ ገጽ ከተቆጠረ ዓይናቸውን አሳልፈው «ጨረስኩ» ይላሉ። ቀስ ብሎ የሚያነበው ልጅ ደግሞ እንደማያሸንፍ ሲገባው ይቀራል፤ ፕሮግራሙ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ግን ለእሱ ነው። በገንዘቡ መጽሐፍ ይገዛ። እያንዳንዱ ልጅ 2 ቢወስድ 80 መጽሐፍ ይወጣል። በመለዋወጫው የመጽሐፍ ሳጥን ውስጥ ሌላ 80 ካልቀረ መጨረሻ የሚደርሰው የሚመርጠው ያጣል። ስለዚህ 160።

ገንዘብ ያዥ፦ 160 ሙሉ በሙሉ መግዛት አንችልም። ከየቤቱ ብናሰባስብስ?

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦ ይሆናል፤ ግን ጥሪው ላይ «የመማሪያ መጽሐፍ አንቀበልም» ተብሎ ይጻፍ፣ አለዚያ የሚመጣው እሱ ብቻ ነው። ከምንገዛው ግማሹ ተረትና ልብ ወለድ ባይሆን ደስ ይለኛል፦ ስለ እንስሳት፣ ስለ ማሽን፣ እንቆቅልሽ፣ ቀልድ። ተረት የማይወድ ልጅ ንባብ ይጠላል ማለት አይደለም።

መምህርት፦ ልጁ መጽሐፉ ይከብደው እንደሆነ በራሱ የሚለይበት መንገድ ይጨመር። የታወቀው የአምስት ጣት ዘዴ ነው፦ አንድ ገጽ እያነበበ ለማያውቀው ቃል ሁሉ አንድ ጣት ያጥፋል፤ አምስቱም ከታጠፉ ለብቻው ይከብደዋል። ለአማርኛ ግን እንዳለ አይወሰድ። በእንግሊዝኛ ብዙ ቃል የሚፈጀው «አልመጣችልኝም» በእኛ አንድ ቃል ነው፤ በገጹ ያሉት ቃላት ጥቂት ስለሚሆኑ ሦስት ጣት ሲታጠፍ እንደከበደ ይቆጠር። የከበደውን መጽሐፍ ግን አንቀማው፤ ከወደደው ትልቅ ሰው ያንብብለት።

የወላጆች ተወካይ፦ ወላጅስ ምን ያድርግ? «ልጅዎን ያስነብቡ» ብቻ ተብሎ ቢላክ ማንም አይፈጽመውም።

መምህርት፦ በቀን 15 ደቂቃ፣ ሁልጊዜ ከአንድ የተለመደ ነገር ቀጥሎ፤ ለምሳሌ ከእራት በኋላ። ወላጅና ልጅ ድምፅ አውጥተው አብረው ይጀምራሉ። ልጁ ጠረጴዛውን መታ ሲያደርግ ወላጅ ዝም ይላል፣ ልጁ ብቻውን ይቀጥላል። ሲሳሳት 5 ሰከንድ ያህል ይጠበቃል፤ ካላረመ ወላጅ ቃሉን ይነግረዋል፣ ልጁ ይደግመዋል፣ እንደገና አብረው ይቀጥላሉ። አንዱ ከባድ ጥፋት ቶሎ ማረም ነው። የፊደል ድምፅ መጥበቅና መላላት ስለማይጻፍ «ዋና»ን (መዋኘት ወይስ ዋነኛ?) ወይም «አለ»ን (ተናገረ ወይስ ይገኛል?) በትክክል ለማንበብ ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ ያስፈልጋል፤ ልጁ ተመልሶ ራሱ ያስተካክለዋል።

የወላጆች ተወካይ፦ ማንበብ የማይችል ወላጅስ?

መምህርት፦ ሥዕሉን እያየ «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ወይም ታላቅ ልጅ ለታናሹ ያንብብ።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦ «ልጁ ማጠቃለያ ይጽፋል» የሚለውም ይሰረዝ፤ ዕረፍቱን የቤት ሥራ ያደርገዋል። የመጽሐፉን ርዕስና «ለጓደኛዬ እሰጠዋለሁ ወይስ አልሰጠውም» የሚለውን ምልክት ብቻ ካርድ ላይ ያስፍር። በቀጣዩ ሳምንት ምን እንደምንጨምር ከካርዱ እናውቃለን። መጽሐፍ ለጠፋበትም ቅጣት አይኑር፤ የፈራ ልጅ መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ያስቀራል።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው 10 መጽሐፍ ለመጠባበቂያ እይዛለሁ፤ የላስቲክ መሸፈኛም ጨምሬያለሁ።

ጸሐፊ፦ ሽልማቱና ማጠቃለያው ወጥተዋል፤ የጣቱ ዘዴ፣ የ15 ደቂቃው መመሪያና ካርዱ ገብተዋል። የቀረው የተረኛ ጉዳይ ነው፦ ለ5ኛና ለ6ኛ ሳምንት ሳጥኑን የሚከፍት የለንም። ሁለት ሰው ይመዝገብ።