ስኬትቦርድ በነፃ የሚያስተምሩ ልጆች ክፍያ ይጠይቁ ወይስ አይጠይቁ?

አወያይ፦
ሰላም ሁላችሁም። በየጎኑ ከምንንሾካሾክ እዚሁ በግልጽ እንነጋገርበት ብዬ ነው። የአዲስ አበባው ስኬትፓርክ፣ ማለትም የስኬትቦርድ መጫወቻ ሜዳው፣ በ2008 ዓ.ም. ሲሠራ ኢትዮጵያ ስኬት የሚባሉት ልጆች ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ ከሚባል የውጭ ድርጅት ጋር ነበሩ። ከብዙ አገር የመጡ ፈቃደኞች ከኛ ልጆች ጋር ሲሚንቶ አቡክተዋል። ለሁሉም ክፍት፣ ለሁሉም ነፃ ሆኖ ነው የተጀመረው። ከዚያ ወዲህ በከተማው ውስጥ ቦርድ፣ ባለ ጎማውን ጣውላ፣ እያበደሩ ጀማሪ የሚያስተምሩ ልጆች በዝተዋል። አብዛኞቹ አምስት ሳንቲም አይከፈላቸውም። ጥያቄዬ ስለ አንድ ቡድን አይደለም። እንዲህ ያለ ሥራ በፍቅር ብቻ ስንት ዓመት ይዘልቃል? ከሚማሩት ልጆች ክፍያ ይሰብሰብ ትላላችሁ?

ዮኒ ነኝ ከላፍቶ፦
ይሰብሰብ። ነጥቡ ግልጽ ነው። ሰው ያልከፈለበትን ነገር አያከብርም። ቦርድ ወስዶ ዝናብ ላይ ጥሎት የሚሄድ ልጅ ስንቴ አይተናል። እግር ኳስ ማሠልጠኛ ይከፈልበታል፣ ቴኳንዶ ይከፈልበታል። ስኬትቦርድ (በአጭሩ ስኬት) ሲሆን ለምንድነው ሁሉም በነፃ የሚፈልገው? ቅዳሜ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚያስተምረው ልጅ እኮ የቤት ኪራይ አለበት።

የሁለት ልጆች እናት፦
ዮኒ ልጄ፣ ስለ ቤት ኪራዩ ያልከው ልክ ነው። ግን ቴኳንዶ የሚማረውና ስኬት የሚመጣው ልጅ አንድ አይደለም። የኔ ትንሿ ልጅ እዚያ የምታገኛቸው ጓደኞቿ ግማሾቹ ሊስትሮ የሚሠሩ፣ ማስቲካ የሚያዞሩ ናቸው። ከኔ ልጅ እኩል ነው የሚሰለፉት፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ያነሳዋል። በወር መቶ ብር አምጡ ካላችሁ የኔ ልጅ ትቀጥላለች፣ እነሱ ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው የሀብታም ልጆች ክለብ ነው። እኔ ልጄን የላክሁት ለዚያ አይደለም።

ኩሽኔታ፦
ቦርድ ስለምጠግን ወጪው የት እንደሚሄድ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚከራከረው ሳያውቀው ነው።
ቦርድ አንዴ ተገዝቶ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ጣውላው ሰባት ስስ የሜፕል እንጨት እየተጣበቀ የሚሠራ ነው፣ ልጁ መዝለል ሲጀምር ጭራው አስፋልት እየነካ እንደ ምላጭ ይሳሳል፣ ከዚያ መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል። እዚህ በተራ ፕላይዉድ ለመተካት የሞከሩ አሉ፣ ከባድ ሰው ሲወጣበት አይችልም። ላዩ ላይ የሚለጠፈው ሸካራ ወረቀት ደግሞ ጫማ ይበላል። ዝላዩን የሚለማመድ ልጅ የፊት እግሩ ጫማ በትንሿ ጣት በኩል ይቀደዳል፣ ሁሌ እዚያው ጋ። ጫማ ሰፊው ሰፍቶለት በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ቤተሰብ «በቃ ይሄን ጨዋታ ተው» የሚለው በጫማው የተነሳ ነው፣ በመውደቁ አይደለም።
አንድ ነገር ብቻ ይቀለናል። ኩሽኔታው 608 የሚባለው ቁጥር ነው፣ በትናንሽ ሞተሮች ውስጥም ያለው፣ ስለዚህ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። አንድ ቦርድ ስምንት ይፈልጋል። ጎማውና ትራኩ፣ ጎማው የሚታሰርበት ብረት፣ ግን ከውጭ ካልመጣ የለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ ነው ከኪሳቸው ዕቃ ያስመጡ የነበሩት ወገባቸው የተሰበረው።
ስለዚህ ዮኒ፣ ከልጆቹ መቶ መቶ ብር ብትሰበስብ ይሄን ወጪ አይሸፍንም። ልጆቹን ታባርራለህ፣ ችግሩ ግን እንዳለ ይቀመጣል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኛ ዳያስፖራዎቹ እኮ በየክረምቱ እናመጣለን። ሁለት ሻንጣ ነው የሚፈቀደው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ አንዱን በቦርድ የሞላ ሰው አውቃለሁ። አንዳንዴ ጉምሩክ ላይ «ለንግድ ነው» ተብሎ ይቆማል፣ ያንን ታግሎ ያስገባል። ይህ ሁሉ ተደርጎ በዓመቱ «ዕቃ አለቀ» ሲባል እኛም ይደክመናል። ክፍያ ይኑር አልልም፣ ግን የሚመጣው ዕቃ የት እንደገባ የሚናገር ሰው ይኑር።

አወያይ፦
እዚህ ላይ የኔን ልናገር፣ ዝም ብዬ ማወያየት አልቻልኩም።
ከልጆች ክፍያ መሰብሰብን እቃወማለሁ፣ እናታችን ባሉት ምክንያት። ግን «በነፃ ይቀጥል» ብለን ጨርሰን እንሂድ የሚለውንም እቃወማለሁ። ነፃ ማለት ማንም አይከፍልም ማለት አይደለም። ዛሬም እየተከፈለ ነው፣ የሚከፍለው ግን አንድ ልጅ ነው፣ በጉልበቱ፣ በጊዜው፣ በትምህርቱ። ሥራ ሲያገኝ ይተወዋል፣ መተውም አለበት። እሱ ሲሄድ ቁልፉ፣ ስልክ ቁጥሩ፣ ከጥበቃው ጋር የነበረው መግባባት ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ሥራዎቻችን የሚሞቱት እንዲህ ነው።
የኛ ሰው ይሄንን ችግር ድሮ ፈትቶታል። እድር በአንድ ለጋስ ሰው አይቆምም። ሁሉም በየወሩ ትንሽ ያዋጣል፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ድንኳኑና ወንበሩ ተቆጥሮ ይረከባል። ለስኬትም እንደዚያ እናድርግ። የሚያዋጡት ልጆቹ አይደሉም፣ እኛ ነን። ድሮ እዚያ ተምረን አሁን ደሞዝተኛ የሆንን፣ ወላጆች፣ ውጭ ያላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዓመት አንዴ ከሚመጣ ሻንጣ ይልቅ በወር አሥር ዶላር ይሻላል፣ ምክንያቱም አስተማሪ በሻንጣ አይኖርም። በ2007 እ.ኤ.አ. ካቡል ውስጥ የተጀመረው፣ ልጆችን ስኬት የሚያስተምረው ድርጅት ስኬቲስታን፣ እስከ ፕኖም ፔንና ጆሃንስበርግ የደረሰው ወርሃዊ ደጋፊ ይዞ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ነው። ከዚያ መጀመሪያ ለአስተማሪው ይከፈለዋል። ቀጥሎ ጎማ።

ዮኒ ነኝ ከላፍቶ፦
አወያይ፣ ያልከው ደስ ይላል፣ ግን እድር የሚቆመው ሰው መሞቱን ስለሚያውቅ ነው። ስኬት ላይ ሦስት ወር አዋጥቶ የማይጠፋ ሰው ስንት ነው? እኔ ሰው አላምንም። ቢያንስ ወላጁ የሚችል ልጅ ይክፈል፣ የማይችለው በነፃ ይግባ።

የሁለት ልጆች እናት፦
የሚችለውንና የማይችለውን ማን ይለያል? በር ላይ ቆመህ ልጁን «አባትህ ምን ይሠራል?» ልትለው ነው? ደግሞ እኔ እከፍላለሁ፣ ማንም ሳይለየኝ። ለሁሉም ልጆች ይሁን እንጂ ለልጄ ብቻ አይሁን።

ሠላም፦
ሁላችሁም ስለ ገንዘብ ብቻ አወራችሁ። ለሴቶች ገንዘብ ሁለተኛ ነው። ቦርድ ይዤ ታክሲ ውስጥ ስገባ ረዳቱ የሚለኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ኢትዮጵያን ገርል ስኬተርስ ጠቃሚ የሆኑት ለሴቶች የራሳቸውን ቡድን ስለፈጠሩ ነው፤ ብቻዬን ብሄድ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ነበር የምቀረው። ከሚዋጣው ላይ ለሴት አስተማሪም ይታሰብ። አስተማሪዎቹ ሁሉ ወንድ ከሆኑ ሴቶቹ ልጆች አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመት ሲሆናቸው ይቀራሉ፣ እናቶችም አይልኩም።

ኩሽኔታ፦
ሠላም ልክ ናት። እኔ ደግሞ ከተማው የት ሄደ እላለሁ። በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገዱ፣ አደባባዩ፣ ለስላሳ የእግረኛ መንገዱ ተሠርቷል። ስኬተር ሲመጣ ግን ጥበቃ ያባርረዋል። አሜሪካ፣ ፖርትላንድ ውስጥ በርንሳይድ ድልድይ ሥር ስኬተሮች በ1990 እ.ኤ.አ. ሳያስፈቅዱ ነበር ኮንክሪት ያፈሰሱት፣ ከተማው በኋላ ተቀበለው። እኛ ያለ ፈቃድ እናፍስስ አልልም፣ ታስሮ የሚቀረው ልጁ ነው። ግን ስኬት በቶኪዮ ኦሎምፒክ ገብቷል፣ የሠፈር ዱርዬ ጨዋታ ነው የሚባልበት ጊዜ አልፏል። ለአዳዲሶቹ ፓርኮች አንድ ጥግ ይሰጠን ብሎ በደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል። ኮንክሪቱን ከተማው ይጠግን፣ አስተማሪውን እኛ እንቻል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
በወር አሥር ዶላር እኔ አለሁበት። ቅድመ ሁኔታዬ አንድ ነው፣ በየሦስት ወሩ የገባውና የወጣው በፎቶ ይለጠፍ። ስንት ቦርድ እንዳለ፣ ስንቱ እንደተሰበረ፣ አስተማሪው መቀበሉን ፈርሞ። ይህ ካልሆነ ሻንጣዬን ይዤ እቀጥላለሁ።

ዮኒ ነኝ ከላፍቶ፦
በልጆቹ ጉዳይ አሁንም አልተስማማሁም። ግን ገንዘብ ያዥ ከተፈለገ የባንክ ሥራ ነው የምሠራው፣ እኔ እይዛለሁ። ሁለት ሰው ሳይፈርም ገንዘብ የማይወጣበት ሒሳብ ይከፈት።

አወያይ፦
ዮኒ፣ ተቀብያለሁ። ሁለተኛዋ ፈራሚ ሠላም ብትሆንስ?