የቤንጋዚን ሰልፍ ክሬዲት ማን ይውሰድ? ቡና ላይ ተከራክረን አልተስማማንም

የጦሳ_ልጅ (ደሴ)፦
ሰላም የወሎ ልጆች እንዴት ከረማችሁ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ፍረዱን። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ጓደኛዬ ቤት ቡና እየጠጣን አቦሉ ላይ ክርክር ጀመርን፣ በረካው ሲደርስ እናቱ "እናንተ ልጆች ወይ ቡናውን ጠጡ ወይ እዛው ሊቢያ ሄዳችሁ ተጣሉ" አሉን። ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም 1 ቀን 2005፣ እኛ እንቁጣጣሽ ውለን በገባንበት ሌሊት፣ ታጣቂዎች ቤንጋዚ የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ግቢ ገብተው አምባሳደሩን ክሪስ ስቲቨንስን ጨምሮ 4 አሜሪካውያን ገደሉ አይደል። ከዛ በ10ኛው ቀን አርብ ዕለት የቤንጋዚ ህዝብ በሺዎች ሆኖ ነቅሎ ወጣና በጥቃቱ የተጠረጠሩትን አንሳር አል ሸሪዓ የሚባሉ አክራሪ ታጣቂዎች ከካምፓቸው አባረራቸው። እኛ ሀገር ብዙ ሰው ይሄን አያስታውስም፣ ያኔ ገና ከመለስ ለቅሶ መውጣታችን ነበር።

ጓደኛዬ የሚለው "ይሄ የአሜሪካ ፖሊሲ ፍሬ ነው፣ በጋዳፊ ጊዜ ማን ደፍሮ ይወጣ ነበር፣ ኔቶ ስላገዛቸው ነው አምባሳደሩ ወዳጃችን ነበር የሚል ፅሁፍ ይዘው የወጡት" ነው። እኔ ደግሞ ጋዳፊን ጥለው መሳሪያውን ሜዳ ላይ በትነውት ሄደው አሁን ህዝቡ በባዶ እጁ ሲያባርርላቸው ክሬዲት የሚሉት ምን ቆርጧቸው ነው፣ ቤት ያቃጠለ ሰው እሳት ያጠፋውን ጎረቤት ምስጋና ይቀበላል እንዴ አልኩት። ከዛ ነገሩ ወደኛው መጣ። ሚያዝያ 2007 አይሲስ ሊቢያ ላይ ወንድሞቻችንን ሲያርድ መስቀል አደባባይ የተወጣው ሰልፍስ የማን ነበር፣ የመንግስት ነው የህዝብ? እዚህ ላይ ጭራሽ ተኮራረፍን። ስድብ የለም እሺ፣ የሚያውቅ ያውራ።

ባቲ_ሰኞ፦
ፍርዱን በኋላ እሰጣለሁ፣ በረካው ላይ ተኮራርፎ የተነሳ ሰው ግን አራተኛ የለምና ዱዓ ሳይደረግለት ነው የሄደው 😂

መምህር_ጡረታ (ወልድያ)፦
ልጄ ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ግን ሁለታችሁም ግማሹን ነው የያዛችሁት። መጀመሪያ ሰልፉን ከጣልቃ ገብነቱ ለይተህ እየው። ጣልቃ ገብነቱን በተመለከተ እዚህ አካባቢ "ነጮቹ አፍሪካን ሳይሰሙ ገቡ" የሚል ወሬ ይበዛል፣ ከፊሉ እውነት ነው፣ የአፍሪካ ህብረት የራሱ የሰላም ሀሳብ ነበረው የሚሰማው ግን አላገኘም። ነገር ግን በመጋቢት 2003 የፀጥታው ምክር ቤት ጣልቃ ገብነቱን የፈቀደውን ውሳኔ ቁጥር 1973ን ሲያሳልፍ በወንበሩ ላይ የነበሩት 3 አፍሪካውያን፣ ማለትም ደቡብ አፍሪካ፣ ናይጄሪያና ጋቦን፣ ሶስቱም እጃቸውን አውጥተው ደግፈዋል። 10 ደገፉ፣ 5 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፣ ከአምስቱ አንዷ የኔቶ አባሏ ጀርመን ናት። ስለዚህ ወቀሳ ሲታደል የኛንም ድርሻ ማስቀመጥ ነው፣ ሁሌ ጣት ወደ ውጭ ብቻ ከቀሰርን አይሆንም።

አሁን ወደ ክሬዲቱ። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ያን ሰሞን በህዳር የሚመርጡበት ጊዜ ነበር። በተመድ የአሜሪካ አምባሳደር የነበረችው ሱዛን ራይስ ግድያው ከተፈፀመ በ5ኛው ቀን በየቴሌቪዥኑ ቀርባ ነቢዩን በሚሰድበው ቪዲዮ የተነሳ ድንገት የፈነዳ ነገር ነው አለች፣ በኋላ እንዳልሆነ ተረጋገጠ። ለምርጫው የሚፎካከሩት ሮምኒና ኦባማ በክርክር መድረክ ላይ "ሽብር ብለኸዋል አላልከውም" ተባባሉ። ከዛ ኮሚቴ ተቋቁሞ በጥቃቱ ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረችውን ሂላሪ ክሊንተንን በ2015 በነሱ አቆጣጠር 11 ሰአት ያህል አስቀምጦ ጠየቃት። ያን ሁሉ ሰአት የተነጋገሩት ዋሽንግተን ውስጥ ማን ምን እንዳለ ነው። ያ አርብ ዕለት የወጣው የቤንጋዚ ሰው በዚህ ሁሉ ውስጥ የት አለ ብትለኝ፣ አንዱ ወገን ፖሊሲያችን ሰርቷል ለማለት ይጠቅሰዋል፣ ሌላው ጨርሶ አያነሳውም።

የኮምቦልቻው፦
እኔ ነኝ እንግዲህ ያ ጓደኛው 😀 ሰውየው የኔን ሀሳብ አሳጥሮ ነው የፃፈው። እኔ አሜሪካ ቅዱስ ናት አላልኩም፣ ያልኩት ነገር ሰው ሰልፍ ለመውጣት መጀመሪያ አለመፍራት አለበት፣ 42 አመት የገዛ ሰውዬ እስካለ ድረስ ደግሞ ቤንጋዚ ላይ ማንም ማንንም አያባርርም ነበር ነው። ኦባማ እኮ ራሱ በፈረንጆቹ 2016 ትልቁ ስህተትህ ምንድነው ሲባል ከጋዳፊ በኋላ ያለውን ቀን አለማዘጋጀታችን ብሎ አምኗል፣ መግባቱ ግን ልክ ነበር ብሏል። ጥፋቱን ያመነ ሰው ጥሩ የሰራውንም ቢቆጥርለት ምን አለበት።

ከሊቢያ_ተመላሽ (ቃሉ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ብዙ አልፅፍም ነበር ግን ይሄን ስታወሩ ዝም ማለት ከበደኝ። ያን ጊዜ ቤንጋዚ ነበርኩ። በመተማ ወጥቼ ኸርቱም ስምንት ወር ሰርቼ ከዛ በሰሃራ አጅዳቢያ፣ ኸዚያ ቤንጋዚ ገብቼ አንድ ላቫጆ ውስጥ መኪና አጥብ ነበር። ያ አርብ ከሰላት በኋላ አሰሪያችን በሩን ዘግቶ እኛን ሀበሾቹን ወደ ውስጥ አስገባን፣ አትውጡ አለን። ለምን ብትሉ ጥቁር ሲያዩ የጋዳፊ ቅጥረኛ የሚሉበት ጊዜ ገና አላለፈም ነበር፣ ሰልፉ ጥሩም ይሁን መጥፎ ለኛ ሰው የበዛበት ቦታ ሁሉ አንድ ነው።

የሰውየው ልጅ ግን ወጣ። ልጁ በ2003 ራሱ ክላሽ ይዞ ጋዳፊን የተዋጋ ነው። ማታ ሸሚዙ ተቀዶ ድምፁ ተዘግቶ መጣ፣ አባቱ ሲቆጣው የመለሰውን እስካሁን አስታውሳለሁ፣ እኛ የተዋጋነው ሌላ ፂማም እንዲገዛን ነው እንዴ ነው ያለው። ስለ አሜሪካ አንዲት ቃል አልተናገረም። እነሱን ያንገፈገፋቸው በየመንገዱ ኬላ መዘርጋቱ ነው፣ የፖሊስና የጦር መኮንኖች እየተለቀሙ መገደላቸው ነው፣ ማንም ተነስቶ ልብስህ ሚስትህ ምናምን ማለቱ ነው። የአምባሳደሩ ሞት ሞልቶ የነበረውን ነገር አፈሰሰው እንጂ። ደሞ ሌሊቱን አንዱ ካምፕ ዘንድ ሲደርሱ ተኩስ ተከፍቶ ሰው ሞቷል፣ ይሄን ማንም አያወራውም፣ ሰልፉ ሽርሽር አልነበረም።

ወላሂ ደስ ብሎኝ ነበር በልቤ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ብዙም ሳይቆይ እነዛው ተባረሩ የተባሉት ተመልሰው መጡ። ህዝቡ ያባረረበት መንግስት ስላልነበረው፣ ሌባ አባርረህ በር ከሌለህ ማታ ይመለሳል። እኔ በ2006 ወጣሁ፣ አብረውኝ ያደሩ ልጆች ቀሩ።

ሀይቅ_ዳር፦
ወንድሜ አላህ እንኳን በሰላም መለሰህ። ይሄን ያህል አመት ኮሜንት ሳነብ እንዲህ ያለ ነገር የፃፈ ሰው አላየሁም።

ስለ መስቀል አደባባዩ እኔ ልንገራችሁ፣ ነበርኩ። ያኔ አዲስ አበባ ነው የምሰራው፣ ቤቴም ቂርቆስ። የአይሲስ የግድያ ቪዲዮ እሁድ ሚያዝያ 11 ነው የወጣው፣ መጀመሪያ ላይ ከመንግስት በኩል የተሰማው ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን እያጣራን ነው የሚል ነበር። ሰውን ያቃጠለው ይሄ ነው። የሰፈሩ ሰው ፊታቸውን አይቶ ልጆቹን ለይቶ ድንኳን ተክሎ እያለቀሰ እነሱ ገና ያጣራሉ። ጎረቤቴ የነበሩ የወረባቦ ሴትዮ፣ ሀጅያ ነው የምንላቸው፣ ከማናችንም ቀድመው ንፍሮ ቀቅለው ይዘው ድንኳኑ ውስጥ ገቡ፣ እስላም ክርስቲያን የሚባል ነገር እዛ ቤት ማንም አላነሳም፣ ለወሎ ሰው ይሄን ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ከዛ ፓርላማው 3 ቀን ብሄራዊ ሀዘን አወጀና ሮብ ሚያዝያ 14 ሰልፍ ተጠራ። ጠሪው መንግስት ነው እሺ፣ የመጣው ሰው ግን የራሱን ለቅሶ ይዞ ነው የመጣው። መድረክ ላይ አሸባሪነትን እናወግዛለን ሲሉ አብረን ጮህን፣ ወዲያው ደግሞ ለምን ተሰደዱ ስራ የት አለ የሚል ጩኸት ተነሳ፣ ድንጋይ ተወረወረ፣ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ እኔ ነጠላዬን ጥዬ ነው የሮጥኩት ጫማዬም አንዱ ቀርቷል። ማታ በቴሌቪዥን ጥፋተኛው ተቃዋሚው ሰማያዊ ፓርቲ ሆነ። ምርጫው ግንቦት 16 ነበራ! አንድ ወር ቀርቶት። መምህር ስለ አሜሪካኖቹ ምርጫ ያሉትን ሳነብ ያ ነው ትዝ ያለኝ። እዛም ሬሳው ሳይቀበር ምርጫ፣ እዚህም እንደዛው። በኋላ ኢህአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ወሰዱ፣ የሰልፉን ነገር ያነሳው የለም።

የጦሳ_ልጅ፦
እህቴ ይሄን ነው የፈለግኩት። አየህ የኮምቦልቻው? ጠሪና ወጪ ይለያያል።

የኮምቦልቻው፦
አይቻለሁ አይቻለሁ። ግን አንተም አንድ ነገር መልስልኝ። ግብፅ በየካቲት ወር 20 ኮፕት ክርስቲያኖቿ ሊቢያ ላይ የታረዱበት ቪዲዮ ሲወጣ በማግስቱ የሊቢያዋ ደርና ከተማ ላይ ቦምብ ጣለች። እኛ ምን አደረግን? ይባስ ብሎ በሚያዝያ መጨረሻ 30 ገደማ ኢትዮጵያውያንን ከሊቢያ ያወጣችው ግብፅ ናት፣ ሲሲ ካይሮ ኤርፖርት ድረስ ወጥቶ በካሜራ ፊት ተቀበላቸው። የህዳሴ ግድቡን የመርሆዎች ስምምነት ካርቱም ላይ ከፈረሙ ገና ሁለት ወር አልሞላም። ይሄ ክሬዲት አይደለም ልትለኝ ነው?

ባቲ_ሰኞ፦
ቁምነገር ላውራ ለአንዴ። ሲሲ ለራሱ ፖለቲካ ብሎ ይሆናል፣ ግን አንተ ከዛ አውሮፕላን የወረደው ልጅ አባት ብትሆን ለምን ፎቶ ተነሳ ትላለህ? እኔ አልልም። ክሬዲቱን ይውሰድ፣ ልጄን ያምጣ።

ደሞ ራሳችን ደሴ ላይ ሰኔ 2005 ሼህ ኑሩ ይማም ከመስጊድ ሲወጡ የተገደሉ ጊዜ የነበረውን አትርሱ። መንግስት አክራሪዎች ናቸው አለ፣ የድምፃችን ይሰማ (የሙስሊሞቹ ተቃውሞ) ሰዎች ደግሞ እጃችን የለበትም በሳቸው ደም ፖለቲካ እየተሰራብን ነው አሉ። ለሟች የሚያለቅስ ሰው በሁለቱ መሀል ቆሞ ነበር፣ ብታለቅስ የዚህ ነህ ባታለቅስ የዛ ነህ።

አወያይ፦
የሼህ ኑሩን ጉዳይ እዚህ ላይ እንዳንከፍተው፣ ቤተሰብም አለ። ወደ ርዕሱ።

መምህር_ጡረታ፦
ልክ ነህ አወያይ። ለኮምቦልቻው አንድ ልጨምርለት፣ የሊቢያዋን ሲርት ከተማ ከአይሲስ ያፀዳው በፈረንጆቹ 2016 የአሜሪካ የአየር ድብደባ አግዞ ነው፣ እሱን መካድ አይቻልም። ምድር ላይ ቤት ለቤት የተዋጉት ግን አብዛኞቹ የሌላዋ የሊቢያ ከተማ የሚስራታ ልጆች ናቸው፣ በመቶዎች ሞተዋል። ደርና ላይም አይሲስን በፈረንጆቹ 2015 ያስወጣው የከተማው ሰው ነው፣ ችግሩ ካስወጡት መሀል እነሱም ራሳቸው አክራሪ የነበሩ ነበሩበት። ስለዚህ ጥሩ ሰልፈኛና ክፉ ታጣቂ ብለህ በሁለት መስመር የምትከፍለው አይነት ነገር አይደለም ልጄ።

የኮምቦልቻው፦
እሺ መምህር፣ ኔቶ ያለውን ክሬዲት ወደ ሩብ አወርዳለሁ፣ ሩቡን ግን አልለቅም።

ከሊቢያ_ተመላሽ፦
ሀይቅ ዳር እህቴ አሚን። አንድ ነገር ልበልና ልውጣ። እኔ ያን ቪዲዮ የከፈትኩት ለወሬ አይደለም፣ አብረውኝ ያደሩትን ፊት ልፈልግ ነው። እናቴ ስልኩን ከእጄ ቀምታ ደበቀችው፣ ማታ ሰርቄ አየሁት፣ እያቆምኩ እያቆምኩ። አልነበሩበትም። ያልነበሩበት ሰው ደስ ሲለው የነበሩበት እናት ምን እንደምትሆን አስብ። በታህሳስ 2011 ሲርት አካባቢ የ34 ሰው አፅም ያለበት የጅምላ መቃብር ተገኘ፣ የኛዎቹ ናቸው ተብሎ ሲነገርም እንደገና ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ።

የጦሳ_ልጅ፦
ወንድሜ አብሽር። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ና፣ እማማ ቡና ያፈላሉ፣ የጓደኛዬን ሩብ ክሬዲት አብረን እንቀማዋለን።

ከሊቢያ_ተመላሽ፦
ሀርቡ ነኝ ቅርብ ነው፣ እመጣለሁ። ስለ ቤንጋዚ ግን እኔ ካላነሳሁት አታንሱብኝ።

የኮምቦልቻው፦
ና ብቻ። እናቴ ሰምታለች፣ ስለ ሌላ ታወራላችሁ ብላለች።